ማዕበል ባንድ ከነሙሉ አባላቱ

ሰው ሲዋሽ ወይ ሆዱን ለመሙላት ነው፣ ወይ ከዱላ ለማምለጥ። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ የዋሸሁት ጃፓን አገር የሚኖር አንድ ሰው እንዳይከፋው ብዬ ነው። አትሳቁብኝ። ወይም ሳቁ፤ ባለቤቴ ወይንሸት የሳቀችውን ያህል የሚስቅብኝ ከእንግዲህ አይመጣም።

ከሥሩ ልንገራችሁ። እዚህ ቆቦ ከተማ ቴሌቪዥንና ሞባይል እጠግናለሁ። ዱሮ ግን ጊታሪስት ነበርኩ። «ዱሮ ጊታሪስት ነበርኩ» የሚል ሰው በየከተማው እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ «ዱሮ ሀብታሞች ነበርን» እንደሚለው ነው፣ ማንም ማስረጃ አይጠይቀውም። እኔ ግን ማስረጃ አለኝ፣ አንድ ፎቶ። ፎቶው ላይ ጎፈሬያቸውን ያበጠሩ አራት ጎረምሶች ፀሐይ ዓይናቸውን እያጭበረበራቸው ቆመዋል። ሰዒድ ይዘፍናል፣ ደምሴ ቤዝ ጊታር ይመታል፣ ኃይሌ ድራም ይደልቃል፣ እኔ ዋናውን ጊታር እይዛለሁ። ማዕበል ባንድ ማለት እኛ ነን። «ባሕር በሌለበት አገር ምን ማዕበል አመጣችሁ?» ያላለን ሰው አልነበረም። ሰዒድ መልስ አያጣም፤ «ሆርማት ወንዝን በክረምት አላየህም ማለት ነው» ይል ነበር።

ጃፓናዊው የመጣው ያኔ ነው። ስሙ ሂሮ ይባላል። ለመስኖ የሚሆን ጉድጓድ ሊቆፍር ነበር አመጣጡ፤ መቆፈሪያው በሁለተኛው ሳምንት ተሰበረና መለዋወጫ እስኪመጣ ሦስት ወር ተቀመጠ። ሰዉ ስሙን «ሂሩት» አደረገው። የተከራየበት ቤት ደግሞ አንዲት እናትና አምስት ሴት ልጆች የሚኖሩበት ስለነበር፣ አማርኛን የለመደው ሴቶች ሲጠሩ እየሰማ ነው። ለወንዱም ለሴቱም፣ ለወረዳው አስተዳዳሪም ለበሬውም «አንቺ» ነው የሚለው። እንዲህ ሆኖ ሂሩት የሚባል፣ ወንዱን ሁሉ አንቺ የሚል፣ ጢማም ጃፓናዊ በቆቦ ሰፈር ውስጥ ይዞር ጀመር። አገሩ ለመደው። ወሎ ምን የማይለምደው አለ?

አንድ ከሰዓት እኛ ስንለማመድ አጥሩ ሥር ቆሞ አገኘነው። ጫማው አቧራ ለብሷል፣ ጭንቅላቱ ከቤዙ ጋር ይነቀነቃል።

«ወንድሜ፣ ቤዝሽ ትንሽ ዘገየች» አለው ደምሴን።

ደምሴ «የኔ ቤዝ?» ብሎ ሊጣላ ተነሣ። ሂሮ ቤዙን ተቀብሎ ሲመታው ግን ደምሴ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስቱን ወር ከእኛ አልተለየም።

ለካ ሰውየው አገሩ ላይ የታወቀ የሮክ ባንድ ነበረው። ስሙን ወደ አማርኛ ሲመልስልን «የጣቢያው ድመቶች» አለን። ደምሴ «የፖሊስ ጣቢያ?» ሲል «የባቡር» አለ። አራት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች ነበሩ የመሠረቱት። መጀመሪያ ድራም መቺው አባቱ ሞተበትና የዓሣ ሱቁን ሊይዝ ሄደ። ሌላ ተተካ። ቀጥሎ ጊታሪስቱ ጫጫታ የማትወድ ሚስት አገባ። ሌላ ተተካ። ዘፋኙ ደግሞ ፖስተር ላይ ማን ፊት ይቁም በሚል ተጣልቶ ብቻውን ሊዘፍን ወጣ። እሱም ተተካ። በመጨረሻ ሂሮ «ጌታዬ» ከሚሉት ሦስት ጎረምሶች ጋር ቀረ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጎረምሶቹ ተሰልፈው፣ እጅግ ዝቅ ብለው እጅ ነሱትና ዕድሜው ለባንዱ እንደማይመጥን ነገሩት።

«ጎንበስ ብለው አባረሩኝ» አለን። «በጣም ጎንበስ ብለው።»

«ታዲያ ባንዱስ?» አለ ሰዒድ።

«አለች። ስሟ አለች። ከአራታችን አንድም ሰው የለችም።»

ደምሴ ጭኑን መታ። «ይኸ እኮ የአላማጣው አውቶብስ ነው! ሾፌሩ ተቀየረ፣ ሞተሩ ተቀየረ፣ ወንበሩ ተቀየረ፤ ታፔላው ብቻ ‹አላማጣ› እያለ ይኖራል!» ሁላችንም ሳቅን። ሂሮም ሳቀ፤ እሱ ግን ቶሎ አቆመ።

የሄደ ቀን ከአገሩ ይዞት የመጣውን የራሱን ቤዝ ለደምሴ ሰጠውና የአራታችንን እጅ አንድ ላይ ያዘ። «እናንተ አትለያዩ። ቃል ግቡልኝ» አለ። ገባን። በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜ ቃል መግባት ምን ይከብዳል? ጨረቃ ስጡን ቢሉን እሺ የምንል ነበርን።

ከዚያማ የሆነው ሆነ። መጀመሪያ ኃይሌ ሄደ። ከልጅነቱ ዲያቆን ነበርና ልቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ፤ ቅስናውን ተቀብሎ ሮቢት ገባ። በእሱ ቦታ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ አመጣሁ፤ ማንኛውንም ዘፈን ጣራ እንደሚመታ አድርጎ ይመታል። ቀጥሎ ደምሴ ጎብዬ ላይ የአባቱን ወፍጮ ወረሰ። በመጨረሻ ሰዒድ። ወልድያ ለትልቅ ዝግጅት ተጠርተን ሳለ በዋዜማው መጥቶ «ጅዳ ልሄድ ነው» አለኝ።

«ነገ እኮ ነው ዝግጅቱ!»

«ነገ ነው መኪናውም» አለ።

ያን ጊዜ ያልኩትን ምነው ባላልኩ። «ከሄድክ ስምህን ሁለተኛ አላነሳም» አልኩት። ትንሽ ጠበቀኝ፤ የምጨምረው ያለ መስሎት ይሆናል። ከዚያ «እሺ» ብሎ ወጣ። እኔም ቃሌን ጠበቅሁ። ሰው የማይረባውን ቃሉን ሲጠብቅ እንዴት እንደሚጠነክር! ሰዒድ የሚባል የሞባይል ደንበኛ እንኳ ሲመጣ «አንተ ልጅ» ነበር የምለው።

ከዚያ በኋላ ስንት ዘፋኝ ቀያየርኩ። አንዱ ግጥም ይረሳል፣ አንዱ ማይክ ይዞ ስለ ራሱ ሕይወት ያወራል፣ አንዱ የጠፋበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በመጨረሻ ብቻዬን ጓሮ ተቀምጬ መለማመድ ጀመርኩ። ወይንሸት ልብስ እያሰጣች «ዛሬ አባላቱ ተሟልተዋል?» ትለኛለች።

ውሸቱ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሂሮ በየአዲስ ዓመቱ በቴሌግራም «ማዕበል ደህና ነሽ?» ይላል። የመጀመሪያው ዓመት «ደህና ነን» አልኩት፤ ይኸ ውሸት አይባልም፣ ሰላምታ ነው። በሁለተኛው «አራታችንም አለን» አልኩ። እውነት ነው፣ አለን፤ በአራት አገር። በሦስተኛው ዓመት ሁለተኛ አልበም አወጣን። በአምስተኛው ሳክስፎን ጨመርን። ያቺን ፎቶ ደጋግሜ ስልክለት ሰውየው አንድም ቀን «ለምን አታረጁም?» ብሎ አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ መልእክቱን ስጽፍ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ባንዱ አለ። ሰዒድ ጓሮ ውስጥ ድምፁን ይሞክራል። ኃይሌ አርፍዶ ይመጣል። ለአምስት ደቂቃ ብሎ የማይዋሽ ማን አለ?

ዘንድሮ ግን እንዲህ የሚል መጣ፦ «አብሽሪ ወንድሜ። የድሮ ድራም መቺያችን ሞተች። ቀብሯ ላይ ዘፋኛችንን አየኋት፣ አልተነጋገርንም። የሚቀጥለው ሐሙስ ቆቦ ነኝ። አንድም ሰው ያልሄደባት ባንድ ማየት እፈልጋለሁ።»

መልእክቱን ለወይንሸት አነበብኩላት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። «እንግዲህ ሳክስፎኑን ከየት ታመጣለህ?» አለችኝ ብቻ።

ስምንት ቀን ነበረኝ። በማግሥቱ በሚኒባስ ጎብዬ ወረድኩ። ደምሴ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው በርበሬ ለብሷል።

«ደምሴ! ሂሮ ሊመጣ ነው!»

«ሽሮ ዛሬ አንፈጭም! በርበሬ ነው የገባው!»

«ሂሮ! ጃፓኑ!»

«ማነው የጃጀው?»

በምልክት ሞተሩን አስጠፋሁት። ጸጥ ሲልም ጩኸቱ አልቀነሰም፤ ወፍጮው ጆሮውን ይዞት ሄዷል። ጆሮው ሥር ተጠግቼ «ሂሩት!» ስለው ግን ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በርበሬው ነው!» ብሎ ጮኸብኝ።

ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጥቶ ሰው ሁሉ ሲሸሽ እኔ ጊታሬን ቁም ሣጥን ላይ ትቼ ነበር የወጣሁት፤ ስመለስ ቁም ሣጥኑም አልጠበቀኝም። ደምሴ ግን ቤዙን በጆንያ ጠቅልሎ ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮት ነበር የሄደው። አሁን ከጓዳ አውጥቶ አሳየኝ። ማሽላ ማሽላ ይሸታል።

«እህሉን ወስደው ይኼን ተዉት!» አለኝ። «እኔም ሚስቴን እህሉን ልደብቅ ወይስ ቤዙን ብዬ አላማከርኳትም! እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች!»

ሐሙስ እንደሚመጣ ማለልኝ። በመልሴ ሮቢት ወረድኩ። ቄስ ኃይሌን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ጠብቄ መስቀል ተሳለምኩ። አስቡት፤ ምት ሲያበላሽ ጫማ ወርውሬበት የማውቅ ሰው ነው።

«ይባርኩኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ። ከሳህ ሳ?»

ነገሩን እንደ ፈሪ ዋናተኛ ቀስ እያልኩ ገባሁበት። የሂሮን መምጣት ነገርኩት፣ ደስ አለው። የሰደድኳቸውን ውሸቶች ነገርኩት፣ ሳክስፎኑ ጋ ስደርስ አስቆመኝ። በመጨረሻ፦

«እና አባ፣ ሐሙስ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ድራሙን ቢ...»

«እኔ?» ጥምጥሙን ነካ አደረገ።

«ጥምጥምዎን ለጊዜው ወይንሸት ትይዝልዎታለች።»

«ዝም በል አንተ ሰው!» አለ፤ ከንፈሩ ግን ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለምን እውነቱን አትነግረውም?» አለኝ።

«ይከፋዋል።»

«እሱን ነው የሚከፋው ወይስ አንተን?»

ወደ መንገዱ አየሁ። «ንስሐ ከፈለግህ እሰማሃለሁ» አለኝ። «ድራም መቺ ከፈለግህ ግን አውቶብሱ ያውልህ።» ጥቂት ሄጄ ሳለ ከኋላዬ ተጣራ። «ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው ያልከው?»

«ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንዲያው ነው የጠየቅሁት» አለ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን በማግሥቱ ዋጃ ሄጄ ሞገስ የሚባል የሠርግ ዘፋኝ ተዋዋልኩ። ሥራው ሰዒድን መሆን ነው። «ለእኛ ጃፓን ሁሉ አንድ ይመስለን የለም? ለእሱም የቆቦ ሰው አንድ ነው የሚመስለው» ብዬ አሰብኩ። ይኼን አስቤ ደግሞ በራሴ ብልጠት ተደነቅሁ። ጊታር ከአንድ የሙዚቃ አስተማሪ ተዋስኩ። ለድራሙ ወይንሸት ቀረች፤ ሠርግ ቤት ከበሮ ስትይዝ አዳራሽ የምታስነሣ ሴት ናት።

«ኃይሌ ነኝ በይው አልልሽም» አልኳት። «ኃይሌ ትንሽ አሞት አንቺ ተተካሽ እንላለን።»

«እኔ ማንም ነኝ አልልም፣ ማንም አሞታል አልልም» አለች። «ከበሮ ምቺ ካልከኝ እመታለሁ። ውሸቱን ራስህ ምታው።»

ሐሙስ ደረሰ። ጓሯችን ያለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ወንበር ደረደርን፣ ከጎረቤት ስፒከር ወሰድን። የቆቦ ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ጥላው ራሱ ያልበዋል። ደምሴ የሠርግ ኮቱን ለብሶ ከጎብዬ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ባጃጅ ደጅ ቆመ።

ሂሮ ወረደ። ጢሙ የለም፣ ፀጉሩ እንደ ጥጥ ነጥቷል፣ ሰውነቱ አንሷል። በሩ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አየን።

«ደህና ነሽ ወንድሜ?» አለኝ።

«አያ ሂሮ!» ብዬ አቀፍኩት። ደምሴ ደግሞ ከመሬት አነሣው። «ሂሩት! ቤዝህ አለች! አልሸጥኳትም!» እያለ ሲጮህ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰለት።

ሂሮ ወደ ሞገስ ዞረ። «ሰዒድ?»

ሞገስ ጥናቱን በደንብ አጥንቷል። «አልሐምዱሊላህ! ወላሂ ሰዒድ ነኝ!» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እጁ ያረፈው አውራ ጣት የሚያህል የእንጨት መስቀል ላይ ነው። ማተቡን እንዲሸፍን መንገር ረስቼ!

ሂሮ መስቀሉን አየ። ሞገስን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ በጃፓን ወግ ጎንበስ አለ። «ወፈርሽ ሰዒድ» አለ።

«ኑሮ ነው» አለ ሞገስ።

«ኃይሌስ?»

«ትንሽ አሞታል» አልኩ። ወይንሸት ከበሮዋ ላይ እንዳቀረቀረች ናት።

የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመርን። የራሳችን ነው፤ ግጥሙን ሰዒድ የጻፈው ዝናቡ ከዞብል ተራራ አልሻገር ብሎ በዘገየበት አንድ ዓመት ነበር።

የዞብል ዳመና ምን ያደርግልኛል፣
እዚያ ማዶ ሆኖ ያጉረመርምልኛል።

ሞገስ ሁለቱን ስንኝ በደህና አለፋቸው። ሦስተኛውን ረሳና ሙያው አዳነው፤ ዳመናዋ ሙሽራ ሆነች። «ሙሽራዋ ዳመና፣ ዓይንሽ ኩል አያሻው» እያለ ሲሄድ፣ ከአጥር ወዲያ የነበሩ ጎረቤቶች ሠርግ መስሏቸው እልል እያሉ ገቡ። ደምሴ ምንም አይሰማም፤ ዓይኑን ጨፍኖ በሙሉ ልቡ ሌላ ዘፈን ይመታል። እኔ ደምሴን ልከተል ስል ሞገስን አጣሁ፣ ሞገስን ልከተል ስል ጣቴን አጣሁ። ወይንሸት ብቻ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አንዲት ጎረቤት ሂሮን ሙሽራው ነው ብላ ቄጠማ አስያዘችው። ቄጠማውን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይሰማል።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ነጭ ጥምጥም፣ ጥቁር ካባ፣ መቋሚያ። ጎረቤቶች ለመባረክ ተነሡ። ሂሮም ተነሣ፤ ያን ሁሉ ጺምና ጥምጥም በአንድ እይታ ገለጠው።

«ኃይሌ! አልታመምሽም!»

ቄስ ኃይሌ እኔን አየኝ። «አልታመምኩም» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን።»

ዘፈኑ ቆመ። ደምሴ ብቻ አልሰማም፤ ትንሽ ሄዶ ዓይኑን ሲገልጥ አቆመ።

እንግዲህ አንዳንድ ጊዜ ሰው የሚናዘዘው ቅዱስ ስለሆነ ሳይሆን የሚደበቅበት ስላጣ ነው። ጊታሩን አስቀመጥኩ። «አያ ሂሮ፣ ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። አልበም የለም አልኩ። ሳክስፎን የለም። ኃይሌ ቄስ ከሆነ ቆይቷል፣ ደምሴ አይሰማም፣ ይኼ ሰውዬ ሞገስ ይባላል፣ ከዋጃ ነው። ባንዱ ከፈረሰ ብዙ ዓመቱ ነው።

ሂሮ ቄጠማውን ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ። ፊቱ አመድ መሰለ። ምን ያህል እንደተናደደ ለማወቅ ዓይኑን ፈለግሁ፤ እሱ ግን የሚያየው ሞገስን ነበር፣ ሞገስ የቆመበትን ቦታ።

«ንገሪኝ» አለ በቀስታ። «ሰዒድ ሞተች?»

ለካ ሰውየው ያሰበው ይኼን ነው። ሞት ያልገባበት ቤት እንዲህ አይዋሽም ብሎ። ከሩቅ አገር መርዶ ጠግቦ መጥቶ ሌላ መርዶ የደበቅነው መሰለው።

«አልሞተም!» አልኩ ጮኼ። «ኧረ አልሞተም! ጅዳ ነው ያለው!»

ሂሮ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሲገልጠው እየሳቀ ነው የሚያለቅሰው። «ጅዳ ናት» አለ ለራሱ። «ጅዳ ናት።» ከዚያ ቀና ብሎ «ደውዪ» አለኝ።

«ቁጥሩ የለኝም።»

«የለሽም?»

«ስንት ዓመት... ተጣልተን...»

ወይንሸት ከበሮውን ከጭኗ አወረደች። ስልኳን ከመቀነቷ አወጣች። «እኔ አለኝ» አለች። አፌን ከፍቼ አየኋት። «በየዒዱ ይደውላል» አለች፤ «አንተን ነው የሚጠይቀው። ስሙን እንዳታነሺብኝ ስላልከኝ አላነሣሁብህም።»

ስልኩ ጠራ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ወይኒ እኅቴ! ምነው በደኅና ነው በዚህ ሰዓት?»

ያው ድምፅ ነው። ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያው ነው። ሁሉም እኔን አዩኝ።

«ሰዒድ» አልኩ። ስሙ ከአፌ ሲወጣ እንደ ዛገ በር ነው የተሰማኝ።

«አላነሣም ያልክ መስሎኝ» አለ።

«አመለጠኝ።»

«ቶሎ ነው ያመለጠህ፤ ወንድምዬ» አለ፤ ሁለታችንም መሳቅ ስንጀምር መናገር አቃተን። ከዚያ የጠየቀኝ ስለ እኔ አይደለም፣ ስለ ባንዱም አይደለም። «ሆርማት ዘንድሮ ሞላ?» አለ። ሞላ አልኩት። «ማሽላውስ?» አምሯል አልኩት፣ እሸቱ ደርሷል። «ተወው አትንገረኝ» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «ጠብሳችሁ በላችሁ?» አለ።

ሂሮ ወደ ስልኩ አጎነበሰ። «ሰዒድ! አብሽሪ!»

«ሂሩት!» የሚል ጩኸት ከጅዳ መጣ፤ ከዚያ ሹክሹክታ ሆነ። «ያ ረቢ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ መጋዘን ውስጥ ነኝ፤ አለቃዬ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሁላችሁም አላችሁ? በእኔ ቦታ ማን እየዘፈነ ነው?»

«ማንም» አልኩ።

ሞገስ ማይኩን ወንበር ላይ አስቀመጠና «እውነቱን ነው፣ ማንም ነኝ» አለ። ቄስ ኃይሌ እንኳ ጥምጥሙን ይዞ ሳቀ።

«ዝፈንልና!» አለ ደምሴ፤ ያለ ስልክም ጅዳ የሚሰማ ድምፅ ነው።

«አልችልም ወላሂ። እናንተ ተጫወቱ። እኔ ልስማ።»

ደምሴ ቤዙን ከትከሻው አውርዶ ለሂሮ ሰጠው። «አንተ ምታ! እኔ አልሰማትም!» አለና ሄዶ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ። ወይንሸት ከበሮዋን አነሣች። ቄስ ኃይሌ ራቅ ብሎ ጥላው ዳር ቆመ፤ መቋሚያው ግን መሬቱን ቀስ እያለ ይመታ ጀመር። ሳየው «ጉንዳን ነው፣ እያባረርኩ ነው» አለኝ። ጉንዳኑ ምት ይጠብቃል።

የዞብልን ዳመና ጀመርን። የሚዘፈንበት ቦታ ሲደርስ ማንም አልዘፈነም። የሰዒድን ስንኝ ርዝመት ጠብቀን፣ እንደ ነበረው ባዶውን ይዘን አለፍን፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሂሮ ቤዙን አላዘገየም አላፈጠነም። ደምሴ መዳፉ ስፒከሩ ላይ ሆኖ በትክክለኛው ቦታ ራሱን ይነቀንቃል። ጎረቤቶቹ ለምን እልል እንደማይሉ ሳይገባቸው ዝም ብለው ቆሙ።

ጨረስን። ከስልኩ ምንም አይሰማም።

«ተቋርጧል» አልኩ።

ወይንሸት ጎንበስ ብላ ስልኩን አየች። «አልተቋረጠም» አለች፤ «ደቂቃው ይቆጥራል።»

ጠበቅን። ነፋስ የለም፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ከዚያ ከሩቅ፣ አፍንጫው የታፈነ ሰው ድምፅ መጣ።

«ድገሙት» አለ።

ደገምነው።